የዶሮ እርባታ በወጣቶች ክበብ

መግቢያ

የወጣቶች ክበብ ዶሮ የሚያረባው ለእንቁላሉና ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። ዶሮ በየቀኑ ትበላለች፣ ትጠጣለች፤ የበዓል ቀንና የፈተና ሳምንት አታውቅም። ስለዚህ ወጣቱ ኃላፊነትን በቃል ሳይሆን በሥራ ይማራል። ይህ ጽሑፍ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ክበቦችን ሲረዱ ሊያተኩሩባቸው የሚገቡ ነጥቦችን ያብራራል።

1. አጀማመር

ለመጀመሪያው ዓመት 10 ቄቦች ይበቃሉ። ጫጩት ለማስፈልፈል ከታሰበ አንድ አውራ ዶሮ ይጨመራል። ለእነዚህ 3 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ አየር የሚያስገባና ሽለምጥማጥ የማያስገባ ቤት ወጣቶቹ ራሳቸው ከእንጨትና ከጭቃ ሊሠሩ ይችላሉ።

2. ተራና መዝገብ

እንቁላል የምትጥል የተሻሻለ ዝርያ ዶሮ በቀን 120 ግራም ያህል መኖ ትበላለች። 10 ዶሮዎች በ30 ቀን 36 ኪሎ ይፈልጋሉ ማለት ነው። ሂሳቡን ወጣቶቹ ይሥሩት እንጂ ሠራተኛው አይሥራላቸው። ተረኛው በየማታው የሰጠውን መኖ፣ የሰበሰበውን እንቁላል፣ የታመመችውን ወይም የሞተችውን ዶሮ ይመዘግባል። ማኅበሩ መኖ በብድር ከሰጠም ዕዳው በዚሁ መዝገብ ተጽፎ ከእንቁላል ሽያጭ ይከፈል።

3. ገበያን ማወቅ

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት እንቁላል ፈላጊው ስለሚያንስ ዋጋው ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ልታቅፍ የተዘጋጀች የሐበሻ ዶሮ ከተገኘች ከ10 እስከ 12 እንቁላል ቢያሳቅፏት በ21 ቀን ጫጩት ይፈለፈላል። መሸጥ ወይም ማሳቀፍ እንደሚሻል አባላቱ በስብሰባ ተከራክረው ይወስኑ።

4. ከጉዳት መማር

እረዳው በነበረ አንድ ክበብ ለፋሲካ ገበያ በርካሽ የተገዙ ሁለት ዶሮዎች በዕለቱ ከነባሮቹ ጋር ተቀላቀሉ። ፈንግል ገብቶ ከ14ቱ 3 ብቻ ተረፉ። ክትባቱን ለሚቀጥለው ወር ያስተላለፍኩት እኔ ነበርኩ። ወጣቶቹ ተስፋ ቆርጠው ክበቡን ሊበትኑ ተነሡ። አንዳንዶቹም የመጨረሻውን ተረኛ ወቀሱ። መዝገቡ ሲከፈት ግን አዲሶቹ ዶሮዎች ከገቡበት እስከ መጀመሪያዋ ሞት ድረስ 5 ቀን ብቻ እንዳለፈ ታየ። ተረኛው ከወቀሳ ዳነ፤ ምክንያቱም ታወቀ።

ፈንግል ከገባ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ስለዚህ፦

ሀ. ክትባት በወቅቱ ይሰጥ፤
ለ. አዲስ የመጡ ዶሮዎች ቢያንስ 2 ሳምንት ለብቻ ይቀመጡ፤
ሐ. የሞቱት ይቃጠሉ ወይም በጥልቅ ይቀበሩ፤
መ. በሽታው እንደታየ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠራ፤ የታመሙትም ለገበያ አይውጡ።

ማጠቃለያ

ዶሮ ሊሞት ይችላል፤ የሞተበትን ምክንያት ፈልጎ ማግኘት የለመደ ወጣት ግን ነገ በእርሻውም ሆነ በንግዱ ይጠቀምበታል። ስለዚህ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ክበቡን በጎበኘ ቁጥር ከዶሮዎቹ አስቀድሞ መዝገቡን ይመልከት።