ለገና እንዲያብብ ሌሊቱን ይተዉለት

እዚህ ቦምቤ ልጆቻቸው ከአዲስ አበባ የገና ካክተስ ያመጡላቸው ጎረቤቶቼ ሁለት ጥያቄ ይጠይቁኛል። አንዱ «ለምን አያብብም?» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ «ይሄ ቁልቋል አይደለም ወይ? የልጅ ልጆቼን ዓይን አያጠፋብኝም?» የሚል። የዓይኑ ጉዳይ ስለሚብስ ከእሱ ልጀምር።

በአማርኛ ቁልቋል የምንለው አንድ ተክል ብቻ አይደለም። ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣው የአጥር ቁልቋልና ቅንጭብ ዘመዳሞች ናቸው። ወተታቸው ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ብርቱ ጉዳት ያደርሳል። የገና ካክተስ ግን የበለስ ወገን ነው። ወተት የለውም፤ እሾህም የለውም፤ ሕፃን ቢያኝከውም መርዝ አይደለም። ቅጠል የሚመስለው ነገር ግንዱ ነው፤ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ጠፍጣፋ አንጓዎች። ከተጠራጠሩ እጅዎን በፌስታል ሸፍነው ጫፉን ይቁረጡ። ነጭ ወተት ከወጣ ሌላ ተክል ነውና ልጅ ከሚደርስበት ያርቁት። በየበረንዳው የምናየው፣ ግንዱ እሾህ ብቻ ሆኖ ትንንሽ ቀይ አበባ የሚያወጣው ተክልም ወተት አለው።

በነርስነት ሳገለግል የቁልቋል ወተት ዓይናቸው የገባ ልጆች ይመጡልኝ ነበር። አንዳንዱ ቅቤ ተቀብቶ፣ አንዳንዱ የእናት ጡት ወተት ተጨምሮበት ነው የሚደርሰው። ሁለቱም አይደረግም። ወዲያውኑ የዓይኑን ቆብ ከፍቶ በሚወርድ ንጹሕ ውኃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መውሰድ ነው። ልጁ «ተሻለኝ» ቢልም ይውሰዱት፤ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ይችላል።

አሁን ወደ አበባው። ካክተስ ሲባል በረሃ ይታሰበናል፤ የገና ካክተስ ግን የበረሃ ልጅ አይደለም። አገሩ የደቡብ ምሥራቅ ብራዚል ተራራማ ደን ነው፤ እዚያ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ፣ በጥላ ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ የቀትር ፀሐይ ሲያገኘው አንጓው ይቀላል። የጠዋት ብርሃን የሚገባበት መስኮት ወይም ጥላ ያለው በረንዳ ይበቃዋል። በተቆረጠ ጄሪካንም ያድጋል፤ ብቻ ሥሩ ይበሳ። ብስባሽና አሸዋ የተቀላቀለበት ልል አፈር ይወዳል። ጣትዎን አስገብተው የላይኛው አፈር ከደረቀ ያጠጡ፤ ውኃ ከታች ከተጠራቀመ ሥሩ ይበሰብሳል።

እምቡጥ የሚቋጥረው ረጅም ሌሊት ሲያገኝ ነው። በአውሮፓ ክረምቱ ራሱ ሌሊቱን ያስረዝምለታል። እኛ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ በታኅሣሥ እንኳ ረጅሙ ሌሊታችን ከ12 ሰዓት ብዙም አያልፍም። በዚያ ላይ ሳሎን ካስቀመጥነው አምፖሉና ቴሌቪዥኑ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ይበራበታል። አያብብም የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ማዳበሪያ መጨመር መፍትሔ አይሆነውም።

የጊፋታ ግርግር ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር ሚካኤል፣ በየቀኑ ከማታው 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ብርሃን በማያሳልፍ ካርቶን ይሸፍኑት። ቀን ቀን ግን ብርሃን ያግኝ። ይህ 14 ሰዓት ጨለማ ማለት ነው። ሥራውን ለልጅ ልጅ መስጠት ይቻላል፤ በእኔ ግምት ከአዋቂ ይልቅ ሰዓት የሚያከብሩት እነሱ ናቸው። ውኃውንም በዚህ ወቅት ቀነስ ያድርጉ። ሌሊቱ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ በሚቀዘቅዝበት ደጋ፣ ጨለማው ትንሽ ቢያንስም ሊያብብ ይችላል።

እምቡጡ በጫፍ በጫፉ ብቅ ሲል ካርቶኑ ይቅር፤ ውኃውም ወደ ወትሮው ይመለስ። ያኔ ቦታውን አይቀያይሩት፣ እንግዳ መጣ ብለውም ከጓዳ ወደ ሳሎን አያመላልሱት፤ እምቡጡን ያረግፋል። አበባው እንደ ኮከብ የተዘረጋው ዓይነት ሌላ ዘመዱ ስለሆነና በፋሲካ አካባቢ ስለሚያብብ በገና አይጠብቁት።

አበባው ሲያበቃ 2 ወይም 3 አንጓ ጠምዝዘው ይንቀሉ፤ ጥላ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ቁስሉ ይድረቅ፤ ከዚያ እርጥብ አፈር ላይ ይትከሉት። በጥቂት ሳምንታት ሥር ይሰዳል፤ ለጎረቤት የሚደርሰው እንዲህ ነው።