የከተማ ዛፎቻችንን ማን ይመረምራቸዋል?

ጥያቄው በየክረምቱ ይነሣል። አፈሩ በዝናብ ርሶ ንፋሱ ሲበረታ፣ በመንገድ ዳር ወይም በትምህርት ቤት ግቢ የቆመ ትልቅ ዛፍ ይገነደሳል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይበጥሳል፣ አጥር ያፈርሳል፣ አንዳንዴም ሰው ይጎዳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአካባቢው ያለው ዛፍ ሁሉ በጥርጣሬ ይታያል። ገሚሱ «ሌላ ሰው ሳይጎዳ ይቆረጡ» ይላል፤ ገሚሱ «ጥላችን ናቸው፣ አይነኩብን» ብሎ ይሟገታል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የሚጎድላቸው ግን ዛፉን ቀርቦ መርምሮ፣ ይኼ አደገኛ ነው፣ ያ ገና ብዙ ዘመን ይቆማል ብሎ በማስረጃ የሚናገር ባለሙያ ነው።

ይህ ሙያ በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። ዛፍን አንድ በአንድ የመንከባከብና የመመርመር ሙያ ያላቸው ሰዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር መነሻው እ.ኤ.አ. በ1924 አሜሪካ ውስጥ ነው። በእኛ ከተሞች ችግኝ የሚተክል ሠራተኛ አለ፤ መጋዝ ይዞ የሚቆርጥም አለ። በተከላና በቆረጣ መካከል ላለው፣ ሃምሳም መቶም ዓመት ሊሆን ለሚችለው የዛፍ ዕድሜ ግን የተመደበ ሰው ማግኘት ይቸግራል።

የመጋዝ ልማዳችን ከየት መጣ?

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ቶሎ አለቀ። እጥረቱ ከመክፋቱ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ከተማ ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን ባለችበት እንድትቀር የረዳት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ያድጋል፤ ከሥሩ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ደጋግሞም ይታጨዳል። ቡና አብቃዩም ያረጀ ቡናውን ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርጎ ይጎነድለዋል፣ ቡናውም ይታደሳል።

በእኔ እምነት የመጋዝ አያያዛችን ከእነዚህ ሁለት ተክሎች የተቀዳ ነው። ልምዱ በቦታው ትክክለኛና ጠቃሚ ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ለእንጨትና ለፍሬ የሚሠራው አቆራረጥ ለጥላ፣ ለውበትና ለረጅም ዕድሜ በተተከለ ግራቪሊያ፣ ጃካራንዳ ወይም ዝግባ ላይ ሲውል ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ነካ ተብሎ አናቱ የተመታ፣ ግንድና ጉማጅ ብቻ ቀርቶት የቆመ ዛፍ የማይታይበት ከተማ ጥቂት ነው።

ዛፍ ሲቆረጥ ውስጡ ምን ይሆናል?

በአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪ የነበረው አሌክስ ሺጎ በሺዎች የሚቆጠሩ ግንዶችን በቁመታቸው ሰንጥቆ አጥንቷል። ትልቁ ትምህርቱ፣ ዛፍ እንደ ሰው ቆዳ ቁስሉን አያሽርም የሚል ነው። የተጎዳውን እንጨት በኬሚካልና በአዲስ ሕዋስ አጥር ከጤነኛው ይለየዋል፣ ከዚያ በላዩ አዲስ እንጨት ይገነባል። አጥሩ ከያዘ ብስባሹ ታግቶ ይቀራል፤ ካልያዘ ወደ ግንዱ ይዘልቃል።

የቁርጡ ቦታ ወሳኝ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያበጠ አንገት አለው፤ የመከላከያው አጥር የሚሠራው እዚያ ነው። ከግንዱ ጋር አስተካክሎ መላጨት አንገቱን ያጠፋዋል፤ ረጅም ጉማጅ መተውም ለብስባሽ በር ይከፍታል። ትክክለኛው ቁርጥ ከአንገቱ ወጣ ብሎ የሚያርፈው ነው። ከባድ ቅርንጫፍ ደግሞ በሦስት ቁርጥ ይወርዳል፦ መጀመሪያ ከሥር ጥቂት ይመተራል፣ ቀጥሎ ከዚያ ራቅ ብሎ ከላይ ይቆረጣል፣ በመጨረሻ የቀረው ጉማጅ ከአንገቱ ጫፍ ይነሣል። ይህ ቅደም ተከተል ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ገሽልጦ እንዳይወርድ ይከላከላል። ቁስሉን ቀለም መቀባት ብስባሽን እንደማይከለክልም ሺጎ አሳይቷል።

አናቱን መምታት ከሁሉ የከፋ ነው። ዛፉ ቅጠሉን ባንድ ጊዜ ሲያጣ ምግብ የሚሠራበትን ያጣል፤ ለመትረፍም ከቁርጡ ዙሪያ በርካታ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ያወጣል። እነዚህ ቅርንጫፎች የሚያያዙት ከላይኛው የእንጨት ሽፋን ጋር ብቻ ነው፤ ከሥራቸው ያለው እንጨት ደግሞ እየበሰበሰ ይሄዳል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከብደው በንፋስ ይገነጠላሉ። ለደኅንነት ተብሎ የተደረገው ቆረጣ አዲስ አደጋ ወለደ ማለት ነው።

የማይታየው ግማሽ

ብዙ ሰው የዛፍ ሥር እንደ ግንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ይመስለዋል። አብዛኛው ሥር ግን የሚገኘው በላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ባለው አፈር ውስጥ ነው፤ ወደ ጎንም ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ይዘረጋል። ስለዚህ ለውኃ ቧንቧ፣ ለስልክ መስመር ወይም ለእግረኛ መንገድ የሚቆፈር ቦይ ዛፉን ሳይነካው የሚያልፍ ቢመስልም መቆሚያውን ሊቆርጥበት ይችላል። ጉዳቱ የሚታየው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ነው፤ ዛፉ ሲወድቅ ቦዩን የሚያስታውስ ሰው አይኖርም።

የብሪታንያ የግንባታ መመሪያ ቀላል ስሌት አለው፦ የግንዱን ውፍረት በ12 ማባዛት። ግንዱ 60 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዛፍ በየአቅጣጫው 7 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ያህል መሬት ሳይቆፈርና ሳይጠቀጠቅ ሊቆይለት ይገባል ማለት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሪደር ልማት የአዲስ አበባን መንገዶች እየቆፈረ በሚያድስበት ዘመን፣ እያንዳንዱ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ይህን ስሌት ሊያውቀው ይገባል።

ምርመራ ሲባል ምን ማለት ነው?

የዛፍ አደጋ የሚመዘነው በሦስት ጥያቄ ነው። ዛፉ ወይም ቅርንጫፉ የመሰበር ዕድሉ ምን ያህል ነው? ቢሰበር ሰው ወይም ንብረት ላይ ያርፋል ወይ? ካረፈስ ጉዳቱ ምን ያህል ይሆናል? ገደል ውስጥ የቆመ የበሰበሰ ዛፍ ማንንም አያሰጋም፤ በአውቶቡስ መጠበቂያ ላይ ያዘነበለ ግን አስቸኳይ ነው።

የምርመራው መጀመሪያ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ከግንዱ ሥር የወጣ ፈንገስ፣ ባዘነበለ ዛፍ ጀርባ የተሰነጠቀ ወይም የተነሣ አፈር፣ ልጥ ውስጣቸው ገብቶባቸው የተጣበቁ መንታ ግንዶች፣ በመዶሻ ሲመታ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ እንጨት፣ እነዚህን ሁሉ የሠለጠነ ዓይን ያነባቸዋል። በውስጡ ባዶ መሆን ብቻውን የሞት ፍርድ አይደለም፤ ዙሪያው በቂ ጤነኛ እንጨት ካለው ዛፉ ዘመናት ሊቆም ይችላል። ሕዝብ የሚሰበሰብባቸው አሮጌ ዋርካዎች በግምት ብቻ እንዳይቆረጡ የሚያደርገው ይህ ዕውቀት ነው።

ሙያው ለምን ሥር አልሰደደም?

ዛፍ የሚያውቅ ሰው አጥተን አይደለም። የወንዶ ገነት የደን ትምህርት ተቋም ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ የደን ባለሙያዎችን አሠልጥኗል፤ በየደብሩ የተጠበቁት የወይራ፣ የጽድና የዝግባ ደኖችም አሮጌ ዛፍን ማክበር በባህላችን እንዳለ ይመሰክራሉ። ነገር ግን የደን ሙያ የሚያየው ደኑን እንደ አንድ አካል ነው። ሀገራችን በምትሠራበት የደን ትርጓሜ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር የሚሸፍን ዛፍ ያስፈልጋል፤ በእግረኛ መንገድ ላይ ብቻውን የቆመ ጃካራንዳ በዚህ ልኬት አይታይም። ኃላፊነቱም በመንገድ፣ በኤሌክትሪክ፣ በውኃና በከተማ ውበት መሥሪያ ቤቶች መካከል ተበታትኗል። በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የቆራጩ ክፍያ እንጨቱ ራሱ ሲሆን፣ አብዝቶ መቁረጥ አብዝቶ ማግኘት ይሆናል።

ሌሎች ከተሞችም ከዚህ ተነሥተዋል። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1963 በጠቅላይ ሚኒስትሯ በሊ ኳን ዩ አነሣሽነት የዛፍ ተከላ ዘመቻ ጀመረች፤ በኋላ በተከለሉ አካባቢዎች የግንዳቸው ዙሪያ ከ1 ሜትር በላይ የሆኑ ዛፎች ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጡ በሕግ ደነገገች። ሆንግ ኮንግ እ.ኤ.አ. በ2008 የወደቀ ዛፍ አንዲት ተማሪ ከገደለ በኋላ፣ በ2010 ራሱን የቻለ የዛፍ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት አቋቋመች።

እኛ ሞት እስኪቀሰቅሰን መጠበቅ የለብንም። መነሻው ቀላል ነው፦ በየወረዳው የትልልቅ ዛፎች መዝገብ፣ ከቆረጣ በፊት በባለሙያ የተፈረመ የምርመራ ቅጽ፣ ለቁፋሮ የርቀት ደንብ፣ ለቆራጮች ደግሞ የመጋዝና የገመድ ሥልጠና፣ ከራስ ቁርና ከደኅንነት ቀበቶ ጋር። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ የተከላ ዘመቻ ከተተከሉት ችግኞች ውስጥ በከተማ መንገድ ዳር የጸደቁት ገና ለጋ ናቸው። በዚህ ዕድሜ የተጣመመ ወይም የተጣበቀ ቅርንጫፍ በእጅ መቀስ በደቂቃ ይስተካከላል፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ግን ያው ጉድለት ክሬንና የሞተር መጋዝ ይጠይቃል። የከተማ አስተዳደሮች ለተከላ ከሚመድቡት ገንዘብ ላይ ለእነዚህ ለጋ ዛፎች ገረዛ ድርሻ ቢያወጡ፣ ሙያውም የመጀመሪያ ሠራተኞቹን ያገኛል።