ራስን መግዛት ዕድልን ይገዛልን?

በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚኖር ገበሬ ዘሩን ለመሬት አደራ ሰጥቶ እርግጠኛ ያልሆነውን ዝናም ይጠብቃል። ቁማርተኛም ገንዘቡን አስይዞ ዕጣውን ይጠብቃል። ሁለቱ በምን ይለያያሉ? ጥያቄውን በሒሳብና በሥነ ልቦና ዓይን እንመልከተው።

ሒሳቡ ምን ይላል?

በካዚኖ የሚገኘው የአውሮፓ ሩሌት 37 ቁጥሮች አሉት፤ 18 ቀይ፣ 18 ጥቁርና አንድ ዜሮ። በቀይ ላይ የሚወራረድ ሰው ከ37 ጊዜ በአማካይ 18ቱን ሲያሸንፍ 19ኙን ይበላል። በመሆኑም ከእያንዳንዱ 100 ብር በአማካይ 2 ብር ከ70 ሳንቲም ለቤቱ ይቀራል። በከተሞቻችን የተስፋፋው የእግር ኳስ ውርርድ ከዚህ የከፋ ሊሆን ይችላል። አምስት ጨዋታዎችን በአንድ ትኬት ብንይዝና እያንዳንዱን በትክክል የመገመት ዕድላችን ከ100 60 ቢሆን እንኳ፣ አምስቱም የመሳካታቸው ዕድል ከ100 8 አይሞላም።

አእምሮ ለምን ይታለላል?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 1913 በሞንቴ ካርሎ የሩሌቷ ኳስ 26 ጊዜ ተከታትላ በጥቁር ላይ ዐረፈች። ተጫዋቾቹ «አሁንስ ቀይ መውጣቱ አይቀርም» እያሉ ብዙ ገንዘብ አጡ። ኳሷ ግን ያለፈውን አታስታውስም። ሁለተኛው ወጥመድ ለጥቂት መሳት ነው፤ ከአምስት ጨዋታ በአንዱ ብቻ የተበላ ሰው ሽንፈቱን እንደ ተስፋ ይቆጥረዋል። ሦስተኛው የኪሳራ ሕመም ነው። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ ኪሳራ ከእኩያው ትርፍ ይልቅ ይሰማናል፤ ያጣነውን ለማስመለስም የባሰ አደጋ እንደፍራለን።

የገበሬው ጥበብ

አስቀድሞ ገደብ መወሰን፣ በንዴት ሰዓት አለመጫወት የቁማርተኛውን ኪሳራ ይገድባል፤ ዜሮዋን ግን ከሩሌቷ ላይ አያነሣትም። የገበሬው ራስን መግዛት ግን ዕድሉን ራሱን ይለውጣል። እንደ መሬቱ ጠባይ ገብስ፣ ጤፍና ማሽላ ያፈራርቃል፤ አንዱ ቢከዳው ሌላው ይደርስለታል። ቢርበውም የዘሩን እህል ለይቶ ያስቀምጣል። ከሁሉ በላይ፣ መሬት በደህና ዓመት ከተሰጣት አብልጣ ትመልሳለች።

ይህም ሆኖ ድርቅ የሚያሸንፈው ጊዜ አለ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፉትም ስለዚሁ ነው። እንዲህ ካለ ቤት ወጥቶ ከተማ የገባ ወጣት ለዘር ወይም ለበሬ መግዣ የታሰበውን ብር በትኬት ላይ ቢያውል፣ የሚያጣው ብሩን ብቻ ሳይሆን የሚመጣውን መኸር ጭምር ነው። አበው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚሉት ይህንኑ አይደለምን?