ለበርካታ ቀናት የተራራ ጉዞ የጀርባ ቦርሳ ምን ያህል ሊመዝን ይገባል?

በታንዛኒያው የኪሊማንጃሮ ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ በሮች ላይ ሚዛን አለ። ጓዝ ተሸካሚዎች ተራራውን መውጣት ከመጀመራቸው በፊት ሸክማቸው ይመዘናል። አንድ ተሸካሚ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ የተጓዥና የአስጎብኚ ድርጅት ዕቃ እንዲይዝ አይፈቀድም። የራሱ ልብስና የመኝታ ዕቃ 5 ኪሎ ግራም ተጨምሮበት ጠቅላላ ሸክሙ ከ25 ኪሎ ግራም ማለፍ የለበትም።

ተጓዡ በራሱ ጀርባ የሚያዝለውን ቦርሳ የሚመለከት እንዲህ ያለ ደንብ ግን የለም። ለሦስት፣ ለአምስት ወይም ለሰባት ቀናት በእግሩ የሚሄድ ሰው ምን ይዞ ምን መተው እንዳለበት የሚወስነው ራሱ ነው። ውሳኔው ከምቾት ያለፈ ትርጉም አለው። ከልክ ያለፈ ሸክም ጉልበትንና ወገብን ይጎዳል፤ እርምጃን ያዘገያል፤ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ ድካምን ያባብሳል። ከሚገባው በታች የሆነ ጓዝ ደግሞ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከዜሮ ዲግሪ በታች በሚወርድበት ተራራ ላይ ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

ከሰውነት ክብደት አንድ አምስተኛ

በተጓዦችና በተራራ መሪዎች ዘንድ በሰፊው የሚሠራበት መነሻ መለኪያ ቀላል ነው። ለበርካታ ቀናት ጉዞ የተዘጋጀ ቦርሳ፣ ምግብና ውሃውን ጨምሮ፣ ከባለቤቱ የሰውነት ክብደት 20 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚመለስ ሰው ደግሞ 10 በመቶ ገደማ ይበቃል። በዚህ ስሌት መሠረት 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው እስከ 12፣ 80 ኪሎ ግራም የሚመዝን ደግሞ እስከ 16 ኪሎ ግራም ሊይዝ ይችላል ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ጣሪያን የሚያመለክት ነው፤ ከዚያ በታች መያዝ የሚችል ሰው ቦርሳውን እስከ ጣሪያው ለመሙላት ምክንያት የለውም። ለሁሉም ሰው እኩል የሚሠራም አይደለም። የሰውነት ክብደት በጨመረ ቁጥር የጡንቻ ጉልበት በዚያው ልክ አይጨምርም፤ የራስ አካልም አብሮ የሚጓዝ ሸክም ነው። ስለዚህ 100 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 20 ኪሎ ግራም ቢያዝል፣ ቀጠን ያለ ሰው 12 ኪሎ ግራም ሲያዝል ከሚሰማው በላይ ሊከብደው ይችላል።

ዕድሜ፣ የጉልበትና የጀርባ ጤንነት፣ የመንገዱ አቀበትና ቁልቁለት ሁሉ ስሌቱን ይለውጡታል። ከፍታውም እንዲሁ። በ4,000 ሜትር ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ከሚገኘው 60 በመቶ ገደማ ነው። 5,895 ሜትር ከፍታ ባለው የኪሊማንጃሮ ጫፍ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሜዳ ላይ ቀላል የነበረ ቦርሳ እዚያ ሲደርስ በእጅጉ ይከብዳል።

ክብደቱ ከየት ይመጣል?

60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ዕቃውን ሁሉ ራሱ ተሸክሞ ለአራት ቀናት ጉዞ ወጣ እንበል። ባዶ ቦርሳው 2፣ ድንኳኑ 2፣ የመኝታ ከረጢቱ 1.5፣ ከሥሩ የሚያነጥፈው ደግሞ ግማሽ ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ ገና ምግብ ሳይገባ 6 ኪሎ ግራም ሆነ። የብርድና የዝናብ ልብስ 2.5 ኪሎ ግራም፣ ማንደጃ፣ ነዳጅና ድስት 1.5 ኪሎ ግራም ይጨምራሉ። በቀን 700 ግራም ደረቅ ስንቅ ለአራት ቀናት ሲሰላ 2.8 ኪሎ ግራም ይሆናል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ 2 ሊትር የያዘ ሰው 2 ኪሎ ግራም ጨመረ። በግንባር የሚታሰር ባትሪ፣ መድኃኒት፣ ስልክና ሌሎች ጥቃቅን ዕቃዎች ሲታከሉ ድምሩ 15.5 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ይህም ከሰውነቱ ክብደት ሩብ በላይ ነው።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ቅንጦት የሚባል ነገር የለም። ልምድ ያላቸው ተጓዦች ክብደት ለመቀነስ ሲያስቡ መጀመሪያ ቦርሳውን፣ ድንኳኑንና የመኝታ ከረጢቱን የሚመለከቱትም ለዚህ ነው። ሳሙናን ቆርሶ መያዝ የሚያተርፈው ጥቂት ግራም ነው። ከእነዚህ ሦስት ዕቃዎች ቀለል ያሉትን መምረጥ ግን ሁለት ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ሊቀንስ ይችላል።

ሌላው መንገድ መጋራት ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ድንኳን አድረው በአንድ ማንደጃ ቢያበስሉ እያንዳንዳቸው ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ ይቀልላቸዋል። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” የሚለው አባባል በተራራ መንገድ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

ተጓዦች የሚያልቀውንና የማያልቀውን ክብደትም ለይተው ያሰላሉ። ምግብ፣ ውሃና ነዳጅ በየቀኑ ይቀንሳሉ፤ የቀረው እስከ መጨረሻው ቀን ያው ነው። ይህ ቋሚ ክብደት ከ9 ኪሎ ግራም በታች ሲሆን ጓዙ ቀላል፣ ከ4.5 ኪሎ ግራም በታች ሲሆን ደግሞ እጅግ ቀላል ይባላል።

አሜሪካዊቷ ኤማ ጌትዉድ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1955፣ በ67 ዓመታቸው፣ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የአፓላቺያን የእግር መንገድ ብቻቸውን ጨርሰዋል። የያዙት ራሳቸው የሰፉትን አንድ ከረጢት ነበር። ድንኳን አልነበራቸውም፤ ዝናብ የሚከላከሉት በፕላስቲክ የገላ መታጠቢያ መጋረጃ ነበር። የእርሳቸው ታሪክ ትንሽ ጓዝ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ያሳያል። ይሁንና መንገዳቸው በመንደሮች አቅራቢያ የሚያልፍ፣ የሚያስጠጋ ሰውም የሚገኝበት ነበር። በኪሊማንጃሮ የላይኛው ሰፈር ወይም በባሌ ተራሮች የሳነቴ አምባ ላይ እንዲህ ያለ መጠጊያ የለም። እዚያ ሞቅ ያለ ልብስና የዝናብ ልብስ ከሚቀነሱት ዕቃዎች ውስጥ አይገቡም።

ስንቅና ውሃ

ከምግብ ውስጥ ለክብደቱ ብዙ ጉልበት የሚሰጠው ቅባት ነው። አንድ ግራም ቅባት 9 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን የሚሰጠው 4 ገደማ ነው። የታሸገ የቆርቆሮ ምግብ የሚይዝ ሰው ግን ውሃና ቆርቆሮ ተሸክሞ ይወጣል፤ ባዶውን ቆርቆሮም ይዞ መውረድ ይኖርበታል።

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ለረጅም መንገድ ሲዘጋጁ የኖሩት የስንቅ ዓይነቶች ከዚህ አንፃር ሲታዩ የታሰበባቸው ናቸው። በሶ ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ በውሃ ተበጥብጦ ወይም ታሽቶ ይበላል፤ እሳት አይፈልግም። በቅቤ የሚታሸው ጭኮ በትንሽ መጠን ብዙ ጉልበት ይሰጣል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለቀናት ሳይበላሹ ይቆያሉ፤ እየተራመዱም ይበላሉ።

ውሃ ግን በምንም ዘዴ አይቀልልም። መቀነስ የሚቻለው በአንድ ጊዜ የሚያዘውን መጠን ነው። በመንገዱ ላይ ምንጭ ወይም ወንዝ ካለ፣ እዚያው ቀድቶ በማፍላት ወይም በማከሚያ እንክብል አጣርቶ መጠጣት ከጠዋቱ አራት ሊትር ከማዘል ይሻላል። ለዚህ መንገዱን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ በኪሊማንጃሮ ባራፉ በተባለው የመጨረሻ ሰፈር የውሃ ምንጭ የለም። ተጓዦች እዚያ የሚጠጡት ውሃ ከታች በሰው ተሸክሞ የሚመጣ ነው።

ሰውነት ሸክምን እንዴት ይችላል?

በዚህ ጥያቄ ላይ ከተደረጉት ታዋቂ ጥናቶች አንዱ የተካሄደው በኬንያ ነው። በ1986 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣው ይህ ጥናት በራሳቸው ላይ የሚሸከሙ የሉኦ ሴቶችንና በግንባራቸው ማንገቻ አስረው በጀርባቸው የሚሸከሙ የኪኩዩ ሴቶችን ተመልክቷል። ሴቶቹ ከሰውነታቸው ክብደት እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ሸክም ሲይዙ ያለ ሸክም ሲራመዱ ከሚያወጡት የበለጠ ጉልበት አላወጡም። ተመራማሪዎች ኋላ ላይ ምስጢሩን በአረማመዳቸው ውስጥ አግኝተውታል። ሸክም ሲይዙ ሰውነታቸው እንደ ሰዓት ፔንዱለም የሚወዛወዝበት ሥርዓት ይሻሻላል፤ አንዱ እርምጃ ያተረፈውን ጉልበት ለቀጣዩ ያስተላልፋል።

በ2005 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ወደ ናምቼ ገበያ የሚጓዙ የኔፓል ተሸካሚዎችን መዝኗል። ወንዶቹ በአማካይ ከሰውነታቸው ክብደት 93 በመቶ፣ ሴቶቹ 66 በመቶ የሚሆን ሸክም ይዘው ተገኝተዋል።

እነዚህ ውጤቶች ከልጅነት ጀምሮ የዳበረ ችሎታን ያሳያሉ። ያ ሸክም ለጤና ተስማሚ መሆኑን ግን አያረጋግጡም። በደቡብ አፍሪካ በዖሳ ሴቶች ላይ የተደረገ የኋላ ጥናት በራስ መሸከም በጀርባ ከመሸከም የተሻለ ጉልበት ቆጣቢ ሆኖ አላገኘውም፤ ሴቶቹም የአንገት ሕመም እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። አንድ ሰው ሊሸከመው የሚችለውና ሊሸከመው የሚገባው ክብደት የተለያዩ ናቸው።

ለዘመናዊ የጀርባ ቦርሳ ዋናው አካል የወገብ ቀበቶው ነው። በዳሌ አጥንት ላይ በትክክል ሲታሰር አብዛኛውን ክብደት ከትከሻ ላይ አንስቶ ጠንካራ ወደ ሆኑት የእግር ጡንቻዎች ያሳልፈዋል። ከባድ ዕቃዎች ለጀርባ ቀርበው በቦርሳው መካከል ሲቀመጡ ሸክሙ ወደ ኋላ አይጎትትም። ቁልቁለት ላይ በጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ስለሚጨምር የመራመጃ ዘንግ ይረዳል።

ከጀርባ የወረደ ሸክም የት ይሄዳል?

በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ብዙ ተጓዦች ጓዛቸውን በሙሉ ራሳቸው አይሸከሙም። በኪሊማንጃሮ ተጓዡ የሚያዝለው የዕለቱን ውሃ፣ የዝናብ ልብስና ጥቂት ምግብ የያዘች ትንሽ ቦርሳ ናት። ድንኳኑን፣ ምግቡን፣ የማብሰያ ጋዙንና ዋናውን ሻንጣ ተሸካሚዎች ይዘው ይቀድማሉ። ለአንድ ተጓዥ ሦስት፣ አራት ወይም ከዚያ በላይ ተሸካሚ ሊመደብ ይችላል።

በዚህ ጊዜ የቦርሳ ክብደት ጥያቄ መልኩን ይለውጣል። ብዙ አስጎብኚ ድርጅቶች ተጓዡ ለተሸካሚ የሚሰጠው ሻንጣ ከ15 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ይጠይቃሉ፤ ተሸካሚው ከተፈቀደለት 20 ኪሎ ግራም ውስጥ የሚቀረው ለጋራ ዕቃ ይውላል። ተጓዡ ሳያስብበት የጨመረው ወፍራም መጽሐፍ ወይም ትርፍ ጫማ አይጠፋም፤ በሌላ ሰው አንገት ወይም ራስ ላይ ያርፋል። ተሸካሚዎችም እንደ ተጓዦች ሁሉ በከፍታ ሕመምና በብርድ ይጠቃሉ። የተሟላ የብርድ ልብስና ጫማ የሌላቸውም አሉ።

ከ2003 ጀምሮ በሞሺ የሚሠራው የኪሊማንጃሮ ተሸካሚዎች ድጋፍ ፕሮጀክት ለተሸካሚዎች የተራራ ልብስ በውሰት ይሰጣል። የደመወዛቸውን፣ የምግባቸውንና የሸክማቸውን ሁኔታም ይከታተላል። የክብደት ገደብ በየአገሩ ይለያያል፤ በኔፓል ለተጓዥ ጓዝ ተሸካሚዎች የሚጠቀሰው 30 ኪሎ ግራም ነው። ገደቡ የሚጠቅመው ግን ሚዛኑ ከመግቢያው በር በኋላም ሲከበር ነው። ተጓዡ ከመክፈሉ በፊት ድርጅቱ ስንት ተሸካሚ እንደሚመድብ፣ ምን ያህል እንደሚከፍላቸውና በሰፈሮች ላይ ሸክማቸውን ማን እንደሚመዝን ሊጠይቅ ይችላል።

በስሜን ተራሮች ሸክሙ የሚያርፈው በአብዛኛው በበቅሎ ላይ ነው። ከደባርቅ ተነስተው ወደ ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ የሚያመሩ ቡድኖች ጓዛቸውን ለባለበቅሎዎች ይሰጣሉ። እዚህም ልክ ያስፈልጋል። በሁለት ጎን እኩል ያልተከፈለ ወይም የበዛ ጭነት የእንስሳዋን ጀርባ ያቆስላል። ባለበቅሎው ደግሞ በዚያች በቅሎ የሚተዳደር ሰው ነው።

ከመነሳት በፊት

የቦርሳን ክብደት ለማወቅ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ቦርሳውን አዝሎ የሰው ሚዛን ላይ መውጣት፣ ቀጥሎም ሳያዝሉ መውጣትና ልዩነቱን ማስላት ይበቃል። ምግብና ውሃው ሳይገባ የተመዘነ ቦርሳ ግን ያታልላል።

ከጉዞው ሳምንታት በፊት የተሞላውን ቦርሳ አዝሎ ለጥቂት ሰዓታት ዳገትና ቁልቁለት መለማመድ ሰውነትን ያዘጋጃል፤ የማያስፈልገውን ዕቃም ያሳያል። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ አንድም ጊዜ ያልተነካውን ዕቃ መመዝገብ ለቀጣዩ ጉዞ ይጠቅማል። የመጀመሪያ እርዳታ መስጫ፣ የዝናብ ልብስና የግንባር ባትሪ ግን ሳይነኩ ቢመለሱም ቦታቸውን አይለቁም።

በሞሺም ሆነ በደባርቅ ለተራራው የማያስፈልግ ዕቃ በማደሪያ ቤት አስቀምጦ መውጣት የተለመደ ነው። ሻንጣው በሌላ ሰው ጀርባ ወይም በበቅሎ ላይ ከመጫኑ በፊት እያንዳንዱን ዕቃ አንድ በአንድ የማየት የመጨረሻው ዕድል እዚያ ነው።