ኅዳር 29፣ የጋሞ ዱቡሻ እና እኛ



19ኛው የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም. በከተማችን በአርባ ምንጭ ተከብሯል። ከየክልሉ ልዑካን መጥተው ባህላቸውን አሳይተው ሄደዋል። በዓሉ ሲነሳ በጀመዓችን ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይነሳሉ፦ የሚከበረው ምንድን ነው? እኛስ በውስጡ ምን ድርሻ አለን? በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ቀኑ ምን ያስታውሳል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለው በዚያው ዓመት ነሐሴ 15 ቀን ነው። ዕለቱ በበዓልነት መከበር የጀመረው ግን በ1999 ዓ.ም. ነው። በ2017 ሕገ መንግሥቱ 30 ዓመት ሲሞላው በዓሉ 19ኛ የተባለውም ለዚህ ነው።

አዘጋጁ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተና በ12 ዞኖች የተዋቀረ ነው። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው የኮንሶ (2003 ዓ.ም.) እና የጌዴኦ (2016 ዓ.ም.) ባህላዊ መልክዓ ምድሮች የሚገኙት በዚሁ ክልል ነው። የጋሞ ሽማኔዎች ጥበብም ከጨንቻና ከዶርዜ ተነስቶ እስከ አዲስ አበባ ሽሮሜዳ ድረስ የታወቀ ነው።

ለሙስሊሙ ምን ትርጉም አለው?

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞችና ደጋፊዎቻቸው አደባባይ ወጥተው የሃይማኖት እኩልነትን ጠይቀዋል። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባሉ ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንድንባል ነበር። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸው፣ በአንቀጽ 27 ደግሞ የእምነት ነፃነት ሰፍረዋል። የተጻፈውና የሚሠራበት ሁልጊዜ ባይገጥሙም፣ መብትን ለመጠየቅ የሚያስችል ሰነድ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ብዙዎቻችን የማናስተውለው ግን አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5ን ነው። የግልና የቤተሰብ ጉዳዮች፣ ተከራካሪዎቹ እስከፈቀዱ ድረስ፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኙ እንደሚችሉ ይገልጻል። ለቃዲው ቦታ የሰጠው ድንጋጌ ለጋሞ ሽማግሌም ቦታ ሰጥቷል ማለት ነው። ስለዚህ የጎረቤታችን የዳኝነት ባህል ለእኛ ባዕድ ጉዳይ አይደለም።

ዱቡሻ ምንድን ነው?

ዱቡሻ ሕዝብ በሜዳ ላይ ተቀምጦ የሚመክርበት ስፍራም፣ ጉባኤውም ነው። በጋሞ ደጋ እያንዳንዱ «ደሬ» (የአካባቢው አስተዳደር) የራሱ ዱቡሻ አለው። ስብሰባው በምርቃት ይከፈታል፤ የመሬት፣ የድንበር፣ የጠብና የእርቅ ጉዳይ ይቀርባል። ተናጋሪ ተራውን ይጠብቃል፤ ንግግሩም ስምምነት እስኪገኝ ድረስ ይቀጥላል። በድምፅ ብልጫ ተቸኩሎ የሚዘጋ ነገር የለም።

ይህ ሥርዓት እንከን የለውም ለማለት አይደለም። ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች በትውልዳቸው ምክንያት ለረጅም ዘመን ከጉባኤው ተገልለው ኖረዋል፤ ሴቶችም ድምፃቸው የተሰማበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሱረቱል ሑጁራት 13ኛው አንቀጽ ሰው ሁሉ ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት መፈጠሩን፣ ጎሳና ነገድ የሆነውም ለመተዋወቅ መሆኑን፣ አላህ ዘንድ የሚበልጠውም ተቅዋ ያለው መሆኑን ያስተምረናል። ቅርስን ማክበር ጉድለቱን መሸፈን አይደለም።

ቅርሱ የተፈተነበት ቀን

ምህንድስና የምንማር እንደምናውቀው፣ ድልድይ የሚመዘነው ጭነት ሲያርፍበት ነው። የጋሞ ባህል ጭነት ያረፈበት በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነበር። በቡራዩና አካባቢው በደረሰው ጥቃት ሰዎች ተገደሉ፤ ሺዎች ተፈናቀሉ። ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ተነሱ። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል ሽማግሌ ሣር ይዞ ሲለምን አልፎ መሄድ ነውር ነው። ወጣቶቹ ተመለሱ፤ በዚህች ከተማ የሚኖሩ የኦሮሞ ተወላጆች ሕይወትና ንብረትም ከበቀል ተረፈ።

እነዚያ አባቶች ጦር መሣሪያ አልነበራቸውም። የነበራቸው ለብዙ ትውልድ በዱቡሻ ሲገነባ የቆየ መከባበር ነው። በኅዳር 29 መድረክ ላይ ጭፈራውንና ዱንጉዛውን አይተን ብቻ ከተመለስን፣ የጋሞን ትልቁን ቅርስ ሳናይ ቀርተናል።

በእስልምና ዓይን

ነቢያችን ﷺ ከነቢይነት በፊት በመካ በዐብደላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት በተደረገው ሒልፉል ፉዱል ተገኝተዋል። ተበዳይን ለመርዳት የተደረገ ቃል ኪዳን ነበር፤ የገቡበትም ሰዎች ሙስሊሞች አልነበሩም። ከነቢይነት በኋላም ወደ እንዲህ ያለ ቃል ኪዳን ቢጠሩ እንደሚቀበሉ ተናግረዋል። በሰዎች መካከል ማስታረቅ (ሱልሕ) ደግሞ ቁርኣን ያዘዘው ሥራ ነው። የሣሩን ልመና ከዚህ አንፃር ስናየው፣ ፍሬው ለእኛ እንግዳ አይሆንብንም።

ድንበሩም መታወቅ አለበት። ኅዳር 29 አገራዊ ቀን ነው። እንደ ዮ መስቀላ ያሉ በዓላት ግን ከባህሉ ጋር ሃይማኖታዊ ይዘትም አላቸው። ጎረቤትን በመልካም መያዝ ግዴታችን ነው፤ በሌላ እምነት አምልኮ መሳተፍ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በዝርዝሩ የሚጠራጠር ወንድም ወይም እኅት በስሜት ከመወሰን ኡስታዞችን ይጠይቅ።

ምን እናድርግ?

ከዶርዜ የቀርከሃ ቤት አንድ ነገር እንማር። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው ይቆረጣል፤ ቤቱ ዝቅ ብሎ ኑሮው ይቀጥላል። ቦታ መቀየር ሲያስፈልግ ጎረቤት ተጠርቶ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ያዛውረዋል። አብሮ መኖርም እንዲሁ ነው፦ የተበላውን እየቆረጡ፣ ክብደቱን እየተጋሩ።

ከየክልሉ መጥተን እዚህ የምንማር ሁሉ አራት ወይም አምስት ዓመት የጋሞ እንግዶች ነን። ቅዳሜ ገበያ ስንወጣ ሰላምታ በጋሞኛ እንማር፤ ወደ ጨንቻ ስንወጣ ፎቶ ከማንሳት አልፈን ሽማግሌዎችን ስለ ዱቡሻ እንጠይቅ፤ በግቢያችን ውስጥ በብሔር ስም ጠብ ሲነሳ ደግሞ ለማስታረቅ ቀድመን እንገኝ። በዓሉ በአንድ ቀን ያልፋል፤ መተዋወቁ ግን ይቀራል።

ወላሁ አዕለም።