ጥቅምት 30 እንዴት ኅዳር 1 ይሆናል?

ስማዳ፣ ወገዳ ውስጥ ጥቅምት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. አንድ ሕፃን ተወለደ እንበል። የጤና ባለሙያዋ ቀኑን ታብሌት ላይ ትሞላለች። የምትሞላው ገጽ የተጻፈው በጃቫስክሪፕት፣ መዝገቡን የሚይዘው ሰርቨር ደግሞ በጃቫ ነው። ስማቸው ቢመሳሰልም ሁለቱ የፕሮግራም ቋንቋዎች ዘመድ አይደሉም።

በመካከላቸው የሚመላለሰው ጽሑፍ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጄሰን በሚባል አጻጻፍ። ጄሰን ቁጥርን፣ ጽሑፍን፣ እውነትና ሐሰትን ያውቃል። ቀን የሚባል ዓይነት ግን የለውም። ስለዚህ ቀኑ ከወዲህ ተፈትቶ ከወዲያ እንደገና ይገጠማል፤ ጉድ የሚፈላውም እዚህ ላይ ነው።

ፕሮግራመሩ ጥቅምትን እንዲሁ «2ኛ ወር» ብሎ ለጃቫስክሪፕት የቀን ዓይነት ቢሰጠው፣ ቋንቋው የሚያውቀው ፌብሩዋሪን ነው። 2016ንም እ.ኤ.አ. አድርጎ ይወስደዋል፤ በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 29 ቀን ብቻ ነበረው። ጃቫስክሪፕት ትንፍሽ ሳይል ትርፏን ቀን ወደ 3ኛው ወር ያሻግራታል። በእኛ አቆጣጠር መልሰን ስናነበው ኅዳር 1! ጳጉሜን 5 ከሆነማ ይብሳል፤ 13ኛው ወር የሚቀጥለው ዓመት 1ኛ ወር ይሆንና ልጁ መስከረም 5 ተወለደ ይባላል። በ2014 እ.ኤ.አ. ከጃቫ 8 ጋር የመጣው የቀን ዓይነት ግን «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ ይቆማል። የድሮው የጃቫ ዓይነት እንደ ጃቫስክሪፕት ይገፋ ነበር፤ ጃቫም ጨዋ የሆነው በኋላ ነው።

ቁጥርም የራሱ ጣጣ አለው። ጃቫስክሪፕት ገብሱንም ስንዴውንም ባቄላውንም በአንድ ቁና ይሰፍራል፤ የተለመደው የቁጥር ዓይነቱ አንድ ነው። ጃቫ ለየመጠኑ የተለየ ዓይነት አለው። ተራው የጃቫ ሙሉ ቁጥር ከ2,147,483,647 አያልፍም፤ በ251 የሚጀምር ባለ 12 አሃዝ ስልክ አይገባበትም። በ09 የሚጀምረው ደግሞ ቁጥር ሲሆን ዜሮው ይጠፋል።

የሚያናድድ ቢመስልም እኔ የጃቫን እምቢታ እመርጣለሁ። ስክሪኑ ላይ የወጣ ስህተት ይታረማል፤ በዝምታ የተዛባ የልደት ቀን ግን በ6ኛ ሳምንት የሚሰጠውን ክትባት ቀጠሮ ያዛባል።

ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት ሰርቨሩ በጃቫ፣ ገጾቹ በጃቫስክሪፕት የተጻፉ ናቸው፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠርም ተካቶለታል። የራሳችሁን ፕሮግራም የምትጽፉ ግን ስልክን በጽሑፍ ላኩ። ቀንንም በጽሑፍ ላኩና ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. አብራችሁ ጻፉ። ከዚያ ጥቅምት 30ንና ጳጉሜን 5ን አስገብታችሁ ሞክሩት።