ላንድክሩዘር ከፍ ሲል መሪው ምን ይሆናል?

በረጅም ሞላና በረጅም አሞርዛተር አንድን ላንድክሩዘር 50 ሚሊ ሜትር ከፍ ማድረግ ለለመደው ጋራዥ ከባድ ሥራ አይደለም። ወደ ዳናክል ወይም ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚወርድ መኪና ሆዱ ከድንጋይ እንዲርቅና ሰፋ ያለ ጎማ እንዲይዝ ይደረጋል፤ ዓላማውም አግባብ ነው። ችግሩ የሚታወቀው መኪናው አስፋልት ሲይዝ ነው። ፍጥነቱ 80 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ መሪው ይቀልላል፣ ከታጠፈ በኋላ ወደ መሐል ለመመለስ ይሰንፋል፣ ሾፌሩም ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ወዲህና ወዲያ ሲያርም ይውላል። ይህን የሚያቃና ዕቃ ገበያ ላይ ሞልቷል፤ ብዙ ጊዜም «ለ50 ሚሊ ሜትር» ተብሎ ከሞላው ጋር አብሮ ይሸጣል። ይህ አመራረጥ ግን መነሻው ልክ አይደለም። ማስተካከያው መመረጥ ያለበት መኪናው የዘወትር ጭነቱን ይዞ በሚለካው ማዕዘን፣ እንዲሁም ያ ማዕዘን ሲቀየር አብሮ በሚቀየረው ነገር ነው፤ በማሳደጊያው ቁመት አይደለም።

ዋናው ማዕዘን ካስተር ይባላል። ጎማው ግራና ቀኝ ሲታጠፍ የሚዞርበት መስመር ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ ያጋደለበት መጠን ነው። የብስክሌት የፊት ሹካ ወደ ኋላ ያዘነበለው ለዚሁ ነው፤ መስመሩ ወደታች ቢረዝም መሬት የሚነካው ጎማው ከሚረግጥበት ነጥብ ቀድሞ ስለሆነ ጎማው ከኋላ ይጎተታል፣ ሲጎተትም ራሱን ቀጥ ያደርጋል። በ80 ሲሪስ፣ በ105 እና እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ በተሠሩት 70ዎች የፊቱ ወጥ አክስል በሞላ ላይ የተቀመጠ ሆኖ በሁለት ረጃጅም ክንዶች ተይዟል። እያንዳንዱ ክንድ ከፊት አክስሉን በሁለት ቦታ ይጨብጣል፣ ከኋላ ደግሞ ሻንሲው ላይ በአንድ ቦታ ይታሰራል። ሻንሲው ሲነሳ የክንዱ የኋላ ጫፍ አብሮ ይነሳል፤ በሁለት ቦታ የተጨበጠው አክስልም ሳይወድ ወደ ፊት ይንከባለላል፣ ካስተሩም ይቀንሳል። የተለመደው ግምት ለ25 ሚሊ ሜትር 1 ዲግሪ ገደማ ነው። የ80 ሲሪስ ካስተር ከፋብሪካ 3 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ 50 ሚሊ ሜትር ከፍ ሲል የሚተርፈው 1 ዲግሪ ብቻ ነው፤ 100 ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል ማዕዘኑ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ መሪው በራሱ መመለሱንም ይተዋል።

ታዲያ ግምቱ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ በሚሊ ሜትር መግዛት ምን ክፋት አለው? መልሱ ጭነቱ ላይ ነው። በ80 ሲሪስ የፊትና የኋላ አክስል ርቀት 2850 ሚሊ ሜትር ነው። የኋላው በነዳጅ ጀሪካን፣ በውኃና በሻንጣ ተጭኖ 50 ሚሊ ሜትር ዝቅ ካለ መኪናው በሙሉ 1 ዲግሪ ወደ ኋላ ያጋድላል፣ ካስተሩም በዚያው መጠን ይጨምራል። በተቃራኒው የኋላው ለከባድ ጭነት በተሠራ ሞላ ከፊቱ ከፍ ብሎ ባዶውን ሲነዳ ካስተሩ ከግምቱ በታች ይወርዳል። እንግዲህ አንድ ዓይነት የ50 ሚሊ ሜትር ሞላ የገጠሙ ሁለት መኪኖች፣ አንዱ ከተማ ውስጥ ባዶውን የሚዞር፣ ሌላው ሁልጊዜ እስከ ጣራው ተጭኖ የሚጓዝ፣ በ2 ዲግሪ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ይህም አንድ ማስተካከያ ብቻውን ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። አዲስ ሞላ ደግሞ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር እስኪሄድ ቁመቱ ሙሉ በሙሉ አይረጋም። በገጠሙት ዕለት ማስተካከያውንም መግዛት ገና ያልተረጋ ነገር መለካት ነው።

ከለኩ በኋላ ምርጫው ሦስት መንገድ አለው። ርካሹ ክንዱ አክስሉን የሚጨብጥበትን ጎሚኒ ቀዳዳው ከመሐል ፈቀቅ ባለ ጎሚኒ መለወጥ ነው፤ 2 ዲግሪ ያህል ይመልሳል። ጉድለቱ ጎሚኒው በአንድ ወገን ስለሚሳሳ ቶሎ መበላቱ ነው፤ ዞሮ ከተገጠመ ደግሞ የቀረውን ካስተርም ይወስዳል። ሁለተኛው የክንዱን የኋላ ጫፍ ዝቅ የሚያደርግ ደጋፊ ብረት ሻንሲው ላይ መግጠም ነው። ሦስተኛው የጎሚኒ ቀዳዳዎቹ አዲሱን ቁመት ታሳቢ አድርገው የተበሱ አዳዲስ ክንዶች ናቸው። በባሌስትራ ላይ ለሚቆሙት የቀድሞ 70ዎች ነገሩ ቀላል ነው፤ በባሌስትራውና በአክስሉ መሐል የብረት ሽብልቅ ይገባል።

ሦስቱም ግን አክስሉን በሙሉ ነው የሚያዞሩት፤ አክስሉ ሲዞር የዲፈረንሻሉ አፍንጫም ወደ ታች ይደፋል። ከዚያ አፍንጫ ጋር የተያያዘው ኃይል አድራሽ ዘንግ በክሮቼራው ላይ ይበልጥ ይታጠፋል። እዚህ ላይ የመኪናው ዓይነት ይወስናል። አብዛኞቹ 80 ሲሪሶች ሁልጊዜ በአራት ጎማ የሚነዱ ስለሆኑ የፊቱ ዘንግ ያለ ዕረፍት ይሽከረከራል፤ ካስተሩን ሙሉ በሙሉ የመለሰ ሰው መሪው ተቃንቶለት በምትኩ የዘንግ ንዝረት ሊገዛ ይችላል። የፊት ጎማዎቹን ከአክስሉ የሚለይ ማላቀቂያ ባለው 70 ላይ ግን የፊቱ ዘንግ አስፋልት ላይ ቆሞ ይሄዳል፤ ስለዚህ ካስተሩን ያለ ስስት መመለስ ይቻላል። ድርብ ክሮቼራ ያለው ዘንግ ንዝረቱን ይፈውሳል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ግን ያ ዘንግ በደንብ የሚሠራው የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ወደ ላይ ቀና ብሎ ወደ ዘንጉ ሲያመለክት ነው፣ ካስተሩ ደግሞ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። ሁለቱን የሚያፋታው መንገድ አክስሉ ጫፍ ላይ ጎማው የሚዞርበትን መገጣጠሚያ ቆርጦ፣ አዙሮ እንደገና መበየድ ብቻ ነው። ብየዳው ከለቀቀ ጎማው አብሮት ስለሚሄድ ለማንኛውም በያጅ የሚሰጥ ሥራ አይደለም። በእኔ ፍርድ ለ80 ሲሪስ ካስተሩን እስከ ፋብሪካው ልክ ከመግፋት መሪው የሚመለስበት፣ ዘንጉም የማይንቀጠቀጥበት ዝቅተኛ መጠን ላይ መቆም ይሻላል። ትልቅ ጎማም ጎማው ከኋላ የሚጎተትበትን ርቀት ትንሽ ስለሚያረዝም ለዚህ ያግዛል።

ደጋፊው ብረት ከሻንሲው በታች ስለሚወርድ መኪናውን ከፍ ያደረግንበትን ዓላማ ያፈርሳል የሚል ተቃውሞ አለ። ድንጋይ ላይ ለሚንፏቀቅ መኪና ተቃውሞው ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፣ እንዲህ ያለው መኪና ክንዶቹን ይለውጥ። ለረጅም የጠጠር መንገድ ግን ክንዱን ወደ ቀድሞ ተዳፋቱ የሚመልሰው ይኸው ብረት ነው፣ ጎሚኒውም ዕድሜው አያጥርም። ሌላው ተቃውሞ ከአላይመንት ቤት ይመጣል፦ «የዚህ መኪና ካስተር አይስተካከልም» ይባላል። ፋብሪካው ማስተካከያ ስላላበጀለት አባባሉ እውነት ነው፤ ማሽኑ ግን ማዕዘኑን ይለካል፣ የሚያስፈልገውም ልኬቱ ነው። የሚያሳስበኝ ሦስተኛው አስተያየት ነው፤ ጠንካራ የመሪ አሞርዛተር ተገጥሞ መንቀጥቀጡ ከጠፋ ምን ቸገረን የሚለው። አሞርዛተሩ ምልክቱን ያፍናል እንጂ ጎማውን ወደ መሐል አይመልሰውም። የተበላ ቴስቲና ወይም የላላ ኩሽኔታ ካለ ደግሞ ሾፌሩ እንዳያውቀው ይሸፍነዋል።

ፕራዶ 120 እና 150 ሌላ ቤተሰብ ናቸው። የፊት ጎማቸው ለየብቻ የተንጠለጠለ ስለሆነ ሲነሱ ካስተር ብቻ ሳይሆን ካምበር፣ ማለትም ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያጋድልበት ማዕዘን፣ እና የጎማዎቹ የፊት አቅጣጫም ይዛባሉ። የታችኛው ክንድ ላይ ማስተካከያ ብሎኖች አሉ፤ ካምበሩን ለማቃናት ሲዞሩ ግን ለካስተር የሚተርፈው ቦታ ያንሳል። ብሎኖቹ ልካቸውን ጨርሰው ካስተሩ አሁንም ካነሰ ነው አዲስ የላይኛ ክንድ የሚገዛው፣ ከዚያ በፊት አይደለም። በአሮጌ መኪና ብሎኖቹ ዝገው ሊነክሱ ስለሚችሉ ማሽኑ ላይ ከመውጣቱ በፊት መፈታታቸውን ማረጋገጥ ይገባል።

በወጥ አክስሉ መኪና አክስሉን ወደ ጎን እንዳይሸሽ የሚይዘው አግዳሚ ዘንግ መኪናው ሲነሳ አክስሉን በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ይህን ይመልሳል፣ ግን በ50 ሚሊ ሜትር ማሳደጊያ ከካስተር ቀድሞ ገንዘብ የሚወጣበት አይደለም። ዘንጉ ላይ ቅድሚያ የሚሰጠው ለጫፍ ጎሚኒዎቹ ነው። እነሱ፣ ቴስቲናዎቹና የፊት ኩሽኔታዎቹ ጤነኛ ካልሆኑ አላይመንት ማሽኑ የሚያወጣው ቁጥር በየልኬቱ ይለያያል፤ በዚያ ቁጥር የተመረጠ ዕቃም ሌላ ዕቃ ያስገዛል።